ከመንገድ መልስ

ስለ ተሳላሚነት ጥቅም በመምህራን አንደበት ብዙ ሲነገር ሰምተናል፤ ወደ ቅዱሳት መካናት የሚደረገው ጉዞ ለነፍስ የሚያስገኘው ረብሕ ምን እንደ ሆነ፥ መንገደኛውም በምን ዐይነት ጾምና ጸሎት ከቤቱ መውጣት እንደሚገባው በየጊዜው ተጽፎአል። ስለ መመለስ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። ሰውዬው ደጁን ረግጦ ከገባ፥ ጎረቤትም “እንኳን ደኅና ገባህ” ብሎ ከተሰናበተው በኋላ፥ በማግሥቱ ጧት ተነሥቶ ትቶት የሄደውን ሥራ ሲያይ በልቡ የሚሆነው ነገር ምንድን ነው? ከዚያ በረከት ወደዚህ ድካም መውረዱ ውድቀት ነውን? ወይስ ጉዞው ገና አላለቀም? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው። ጥያቄው ትንሽ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር በባሌ ደጋ ኑሮ ላይ አስቀምጦ ይመልከተው።

የባሌ ገበሬ ዓመቱን በሁለት ዝናም ይከፍለዋል። ከመጋቢት ጀምሮ የሚመጣውን ወቅት “ገና”፥ ከነሐሴ ወዲህ ያለውን “ቦና” ይለዋል። (ገና ሲል የልደትን በዓል ማለቱ አይደለም፤ ቃሉ ኦሮምኛ ነው።) ስለዚህ በሮቤና በጎባ ዙሪያ፥ በሲናናና በአጋርፋም ሜዳ፥ ገብስና ስንዴ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል፤ ሁለት ጊዜም ይታጨዳል። የቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል በዓል ደግሞ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ይከበራል። እነዚህን ቀኖች ከገበሬው ሥራ ጋር ያስተያየ ሰው የሚገነዘበው ነገር አለ። የታኅሣሡ በዓል የቦናው እህል በሚታጨድበት፥ በሚከመርበትና በሚወቃበት ወራት ይውላል፤ የሐምሌውም የገናው አዝመራ ለአጨዳ ሲቃረብ፥ ለሚቀጥለውም ዘር መሬቱ መሰናዳት ሲኖርበት ይደርሳል። እንግዲህ ለባሌ ተሳላሚ መሄድ ማለት ከሥራ መካከል ተነሥቶ መሄድ ነው፤ መመለስም ወደ ሥራ መካከል ተመልሶ መግባት ነው። በሥራና በጉዞ መካከል የሚያርፍበት አንድ ሳምንት እንኳ የለውም።

አንድ የጎባ አባወራ እናስብ። በጾመ ነቢያት ወራት በሶና ቆሎ ሰንቆ ወጣ። ከጎባ እስከ ሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ የዲንሾን ብርድ አልፎ፥ አዳባንና ዶዶላን ተሻግሮ፥ በአርሲ በኩል አሰላን አድርጎ ወደ አዳማ ይወርዳል፤ ከአዳማም በመተሐራና በአዋሽ ቆላ አቋርጦ እንደ ገና የጨርጨርን ተራራ ይወጣል። በ2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ጋቢ ደርቦ የተነሣ ሰው አዋሽ ሲደርስ ጋቢውን አጥፎ ከእግሩ ሥር ያኖረዋል፤ ቁልቢ ሲደርስ ዳግመኛ ይፈልገዋል። በዚህ ሁሉ መንገድ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ማን እንደ ሆነ አያውቅም፤ ነገር ግን ቆሎውን ያካፍለዋል። ሕፃን ያዘለች ሴት ብትገባ ተነሥቶ መቀመጫውን ይለቅላታል። መዝሙር ሲዘመር ይቀበላል። አይቈጣም፤ ሰው አያማም። ከደጁም ደርሶ ስእለቱን አገባ፤ ጧፉን አበራ፤ አልቅሶም ጸልዮ ተመለሰ።

እርሱ ተመለሰ፤ ቤቱ ግን እንደ ነበረ ቈየው። ስንዴውን ኮምባይነር አጭዶለት ነበር፤ ኪራዩ አልተከፈለም። ገብሱ በክምር ላይ ነው፤ አልተወቃም። በጓዳው በኩል ያለው ግድግዳ ማገሩ ከታሰረ ወራት አልፎታል፤ እስካሁን ምርጊት ይጠብቃል። አጥሩን ከብት ገፍቶ አዝምሞታል። ልጁ ለትምህርት ቤት የሚከፈል ገንዘብ ይጠይቃል። ሚስቱም እርሱ በሌለበት የሁለት ሰው ሥራ ሠርታ ደክማለች። አባወራው ሦስት ቀን ሳይሞላው መቈጣት ይጀምራል። በአውቶቡስ ለማያውቃት ሴት መቀመጫውን የለቀቀው ሰው ለገዛ ሚስቱ በርጩማ አያቀብላትም። ማታ ማታ በስልኩ ያነሣውን ፎቶግራፍ እያገላበጠ፥ “እዚያ ሳለሁ እንዴት ያለ ሰው ነበርኩ!” ይላል፤ የሚመጣውንም ዓመት በጣቱ ይቈጥራል።

ይህን የሚያነቡ ካህናት ይህን ሰው ያውቁታል። በንስሓ ልጆቻቸው መካከል አለ።

አሁን የሚመረመረው ነገር፥ ከሁለቱ የትኛው እውነተኛው ሰው ነው የሚለው ነው። እርሱ ራሱ የሚሰጠው መልስ ታውቋል፤ እውነተኛ ማንነቱ የመንገዱ ነው፤ ያበላሸው ቤቱ ነው። ጎረቤቱ ደግሞ፥ “መንገድ ላይ ያሳየው ሁሉ ግብዝነት ነበር” ይለዋል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ስተዋል። ለማያውቁት ሰው መቀመጫ መልቀቅ ግብዝነት አይደለም፤ ማንም ሳያስገድደው አድርጎታልና። ነገር ግን የመንገድ ጎረቤት የአንድ ቀን ጎረቤት ነው። ድንበር አልገፋም፤ ብድር ወስዶ አልካደም፤ የዛሬ አምስት ዓመት በለቅሶ ቤት የተናገረው ክፉ ቃል የለም። ነገም አይገኝም። ደግሞስ በመንገድ ላይ ስንኳን ሌላው፥ የዕለት ውሳኔ እንኳ ከሰው ትከሻ ይወርዳል፤ የት እንደሚቆም፥ መቼ እንደሚነሣ ሾፌሩ ያውቅለታል። መንገደኛው የሚሸከመው ስንቁን ብቻ ነው። እንዲህ ሸክም በቀለለለት ጊዜ ቸር መሆን መልካም ነው፤ ግን ገና አልተፈተነም። በስልቻ ውስጥ ያለ የገብስ ዘር እውነተኛ ዘር መሆኑን ማንም አይክድም፤ ሆኖም በመሬት ላይ ወድቆ ብርድና ዋግ ካላገኘው በቀር ምን ዐይነት ዘር እንደ ሆነ ባለቤቱም አያውቀውም። የአባወራው ትዕግሥት በመንገድ ላይ በስልቻ ነበር። ቤቱ እርሻው ነው።

ከዚህም ጋር መጠቀስ የሚገባው ሌላ ሕማም አለ፤ እርሱም ቍጣ ሳይሆን ስልቹነት ነው። የተመለሰው ሰው ሥራ ጠልቶ ሳይሆን፥ ሥራው ሁሉ ትርጕም ያጣ መስሎት ይቀመጣል። ማገሩን ያያል፤ ይነሣና ይቀመጣል። የግብፅ በረሓ አባቶች ይህን ሕማም በሚገባ ያውቁት ነበር፤ በቀትር ጊዜ የሚመጣ ጋኔን እንደ ሆነ፥ መነኵሴውንም በዓቱን እንዲጠላና ሌላ ስፍራ እንዲመኝ እንደሚያደርገው አስተምረዋል። አባ እንጦንስም በዚሁ ኀዘን ተይዞ ሳለ በፊቱ የታየው ነገር በገዳማውያን ዜና ተጽፎአል፤ አንድ እርሱን የሚመስል ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፥ ከዚያም ተነሥቶ ሲጸልይ፥ ጸልዮም ተመልሶ ገመዱን ሲታታ ነበር። የታየው መልአክ ነበር። ልብ እንበል፤ መልአኩ ለታላቁ አባት ያሳየው ሰማያዊ ዙፋን ወይም የሩቅ አገር ገዳም አይደለም። የእጅ ሥራ አሳየው። ተመልሶም የሚያየው የራሱን ሰሌን ነበር። መነኵሴ እንኳ ዓለምን ትቶ ከሄደ በኋላ የሚመለስበት የዕለት ሥራ ካለው፥ ባለ ትዳሩ ከሥራው የሚያመልጥበት የቅድስና መንገድ ከወዴት ይገኛል?

“እንግዲያውስ መሄዱ ለምን አስፈለገ?” የሚል ይኖራል። ይህም ጥያቄ አዲስ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ኢየሩሳሌምን አይቶ ከተመለሰ በኋላ በጻፈው መልእክት፥ የቦታ መለወጥ ብቻውን ሰውን ወደ እግዚአብሔር እንደማያቀርበው ገልጾአል። ይህን መልእክት ይዘው ተሳላሚነትን ፈጽመው የሚነቅፉ አሉ። ነገር ግን አባታችን የነቀፈው ጉዞውን ከትእዛዝ የሚቈጥሩትን፥ ከሄዱም በኋላ ልባቸው እንደ ነበረ የሚቀረውን ነው እንጂ፥ በቤተ ልሔምና በጎልጎታ ያየውን አላቃለለም። ቤተ ክርስቲያናችንም ልጆቿን ከጥንት ጀምሮ ወደ ኢየሩሳሌም ስትልክ፥ በዴር ሱልጣንም ገዳም ስትቀበላቸው ኖራለች። ጉዞ ይጠቅማል። የሚጠቅመው ግን እንዴት እንደ ሆነ ለማወቅ ከእኛው አገር ሰው የሚበልጥ ምሳሌ የለም።

በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 8 የተጻፈው የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ ተሳላሚ ነበር። ለመስገድ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ ነበር። ታሪኩን ስናነብ ብዙ ጊዜ የምናልፈው ነገር ቢኖር፥ ፊልጶስ ያገኘው ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ መሆኑን ነው። በቤተ መቅደሱ ሳለ ያላገኘውን ትርጓሜ በጋዛ ምድረ በዳ፥ ፊቱን ወደ አገሩና ወደ ሥራው አዙሮ ሳለ አገኘው። የተጠመቀውም በመልስ መንገዱ በነበረ ውኃ ነው። ከተጠመቀስ በኋላ ምን አደረገ? ወደ ኢየሩሳሌም አልተመለሰም። ፊልጶስን ልከተል አላለም፤ ፊልጶስም ከዐይኑ ተሰወረ። ደስ እያለው መንገዱን ሄደ ይላል ታሪኩ። ወዴት? ይህ ሰው የንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ በእጁ የነበረ ባለ ሥልጣን ነው። የሚጠብቀው የግምጃ ቤት ሥራ ነው፤ በሌለበት ወራት የገባና የወጣ ሒሳብ፥ የተጓደለ ዕቃ፥ ደመወዝ የሚጠይቅ አሽከር። ደስታው ወደዚህ የሚሄድ ደስታ ነበር። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቍጥር ከጥምቀቱ ቀጥሎ የሚያስደንቀኝ፥ ስለ እርሱ ዳግመኛ ምንም አለመጻፉ ነው። ሒሳቡን መመርመሩ በመጽሐፍ የሚጻፍ ተአምር አይደለም፤ ነገር ግን ያመነው ሰው ያመነበትን ኑሮ የኖረው በዚያ ነው።

ደቀ መዛሙርትም በደብረ ታቦር በነበሩ ጊዜ ጴጥሮስ ዳስ ሠርቶ በዚያ ለመቅረት ወደደ። ሲወርዱ ግን ከተራራው ሥር የቈያቸው የታመመ ልጅና የሚያለቅስ አባት ነበር። የጎባ ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። ከከተማቸው በላይ የሰነቴ አምባ አለ፤ ከፍታው ከ4,000 ሜትር ይበልጣል፤ ቱሉ ዲምቱም 4,377 ሜትር ነው። ወደዚያ የወጣ ሰው ጅብራውንና ቀይ ቀበሮውን አይቶ፥ ሰማይ የቀረበው ይመስለዋል፤ ስፍራውም ያለበት ብሔራዊ ፓርክ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ማረሻ ግን የሚውልበት አይደለም። ሰው ወጥቶ ያያል፤ አይቶም ይወርዳል። የሰነቴ በረከት የሚታወቀው ከታች፥ ከዚያ የሚወርዱት ወንዞች ለደጋውና ለቆላው ሰው ከብት በሚያጠጡበት ስፍራ ነው። ተራራው ውኃውን በላይ ይዞ ቢያስቀረው ኖሮ ለማንም አይጠቅምም ነበር።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ተመላሹ ነው። ያልሄዱትስ? በእኔ ግምት የነገሩ ሁሉ ክብደት ያለው በዚህ ነው፤ በስብከታችንም ውስጥ እጅግ የተረሳው ይህ ነው። አባወራው አሥር ቀን ሲቈይ ላሞቹን ያለበ፥ ክምሩን ከዝናምና ከከብት የጠበቀ፥ አሮጊት እናቱን ያበላ ሰው አለ። ሚስቱ ናት፤ ልጆቹ ናቸው፤ ጎረቤቱ ነው። በባሌ ጎረቤቱ ሙስሊም ሊሆን ይችላል፤ እርሱም በተራው ወደ ድሬ ሼኽ ሑሴን ሲሄድ ከብቱን ለዚህ አባወራ አደራ ብሎ ይሄዳል። ያልሄዱት ሰዎች ከጉዞው በረከት ምን ድርሻ አላቸው?

ንጉሥ ዳዊት ገና በስደት ሳለ ስለዚህ ነገር ሥርዓት ሠርቶአል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 30 እንደ ተጻፈው፥ ጺቅላግን የዘረፉትን አማሌቃውያንን ሲከተል ከእርሱ ጋር ከነበሩት 600 ሰዎች 200ው ደክመው በቦሦር ወንዝ ዘንድ ከጓዙ ጋር ቀሩ፤ 400ው ሄደው ድል አደረጉ። በመልስ ጊዜ ከሄዱት አንዳንዶቹ፥ ላልሄዱት ከምርኮው አንዳች እንዳይሰጣቸው ፈለጉ። ዳዊት ግን እንቢ አለ፤ የወረደውና ከጓዝ ጋር የተቀመጠው ድርሻቸው ትክክል እንዲሆን ፈረደ፤ ይህም ለእስራኤል ሕግ ሆኖ ኖረ። ፍርዱ ቸርነት ብቻ አይደለም፤ ምክንያት አለው። ጓዙን የሚጠብቅ ባይኖር 400ው ሊሄዱ አይችሉም ነበርና። እንዲሁም የተሳላሚው ጸሎት በሁለት ሰው ኀይል የተጸለየ ጸሎት ነው፤ አንዱ በቁልቢ ደጅ ቆሞአል፤ ሁለተኛው በጎባ በረት ቆሞአል። በረቱ ያለችው ሴት ጧፍ አላበራችም፤ ነገር ግን ጧፉ የበራው እርሷ ስለ ቀረች ነው። ይህን ያልተረዳ ተመላሽ ጠበልና እምነት ለቤተሰቡ ያመጣና እንደ ስጦታ ያድላል፤ በእውነቱ ግን የሚያድለው ዕዳውን ነው። “አንቺማ ያላየሽው!” እያለ መተረክ የሚወድም አለ። ዳዊት ቢሰማው ምን ይለው ነበር?

ከዚህም የተነሣ ስለ ስእለት አንድ ቃል መጨመር ያስፈልጋል። ስእለት በግል ተስሎ በቤተሰብ ትከሻ የሚከፈል እንዳይሆን የሙሴ ሕግ እንኳ ተጠንቅቆአል፤ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 30 የሴት ልጅ ስእለት በአባቷ፥ የሚስትም ስእለት በባሏ እንደሚጸና ወይም እንደሚፈታ ተደንግጎአል። በዚያ ዘመን ሥልጣኑ ለወንዱ ብቻ ነበር፤ ሐዋርያው ግን ባልና ሚስት አንዱ ለአንዱ እንደሚገዛ ስለሚያስተምር፥ በክርስቲያን ቤት ባልም ከሚስቱ ሳይማከር ስእለት መሳሉ የተገባ አይመስለኝም። በእህል መሰብሰቢያ ወራት፥ አራስ ባለችበት ወይም ሕመምተኛ በተኛበት ቤት የሚሳል ሰው፥ አስቀድሞ ከሚስቱና ከነፍስ አባቱ ጋር ቢመክር መልአኩ አይቀየመውም። ታኅሣሥ ባይመች ሐምሌ አለ፤ ሐምሌም ባይመች የሰፈሩ ደብር አለ።

ስለ ቁልቢ ካነሣን ዘንድ፥ የደብሩ አመሠራረት ራሱ ለተያዘው ነገር ምስክር ነው። እንደሚነገረው ልዑል ራስ መኰንን በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ለቅዱስ ገብርኤል ተሳሉ፤ በድል ሲመለሱም በቁልቢ ቤተ ክርስቲያኑን አሠሩ። እንግዲህ ዛሬ መንገደኛ የሚጐርፍበት ያ ታላቅ ደጅ ከመንገድ የተመለሱ ሰው የሠሩት የአገር ቤት ሥራ ነው። ስእለቱ የተፈጸመው ድንጋይ በማስጠረብና እንጨት በማስቈረጥ ነበር። ዘመቻው ሲያልቅ ሁሉም አለቀ ብለው ቢቀመጡ ኖሮ የጎባው አባወራ የሚሳለመው ደጅ ባልኖረ።

ወደ አባወራችን እንመለስ። ከታኅሣሥ 19 እስከ ልደት በዓል ያለው ጊዜ ዐሥር ቀን ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያም የመንገዱ ቀን ይቀነሳል። ጾሙ አልተፈታም። በበዓሉ ቀን በቤተ ክርስቲያን ቆሞ የእረኞቹን ታሪክ ይሰማል፤ እነርሱም የመላእክትን ምስጋና ሰምተው፥ ሕፃኑንም አይተው ሲያበቁ ተመለሱ። በጎቻቸውን ለሌላ ትተው አልጠፉም፤ በዚያው ሌሊት ወይም በማግሥቱ ያንኑ ግልገል ከዚያው እሾህ ውስጥ አወጡ። ይህን ሰምቶ ወደ ቤቱ የሚገባው ሰው አስቀድሞ ምን ያድርግ ቢሉ፥ ፎቶግራፉን ከማሳየት በፊት ሚስቱን አንድ ቀን ያሳርፋት። ከብቱን የጠበቀለትን ጎረቤት ሄዶ ያመስግን፤ በአውቶቡስ ለማያውቀው ሰው የሰጠውን ቆሎ ለእርሱም ይውሰድለት። ከዚያ በኋላ የኮምባይነሩን ኪራይ ይክፈል፤ ያልተከፈለ ዕዳ ይዞ ለመብዓ እጅን መዘርጋት መልካም አይደለምና። በመንገድ የለመደውንም ጸሎት አይተወው፤ ግን እንደ መንገዱ ረጅም ላድርገው ብሎ በሦስተኛው ቀን ከሚያቋርጠው፥ ማለዳ ወደ በረት ከመግባቱ በፊት አጭር አድርጎ ቢይዘው ይሻላል።

ግድግዳውስ? የመጋቢቱ ዝናም ከመምጣቱ በፊት መመረግ አለበት፤ አለዚያ ሚስቱ በጓዳዋ ዝናም እየገባባት አንድ ክረምት ልታሳልፍ ነው። ምርጊት ደግሞ ጭድ የገባበት ጭቃ ይፈልጋል። ጭዱም በክምሩ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የሚጀምረው ገብሱን በመውቃት ነው።